ቤንች ስሰራ ትከሻዬን ይወጋኛል፣ ክብደቱም ቆሟል። አተኛኘቴ ላይ ምን ላስተካክል?

የሰፈር_ጂም፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። የቤንች ፕሬስ ነገር፣ አግዳሚ ላይ ተኝቶ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋቱ፣ ግራ ስላጋባኝ ነው የምጽፈው። ስኳትም ዴድሊፍትም ቀስ እያለ እየጨመረ ነው። ቤንች ግን 80 ኪሎ ላይ ከቆመ ቆየ። 75ን አምስት ጊዜ እገፋለሁ። 80 ላይ ግን ሁለተኛው ወይ ሦስተኛው ላይ ብረቱ ከደረቴ ትንሽ ከፍ ይልና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላ የፈለግኩትን ብታገል አይንቀሳቀስም።

ከክብደቱ በላይ ያሳሰበኝ የቀኝ ትከሻዬ ነው። ከፊት በኩል፣ ክንድ ከትከሻ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ብረቱን ሳወርድ ይወጋኛል። ስገፋ ብዙም አይሰማኝም። ሰርቼ ስጨርስ ይተወኛል፣ በሚቀጥለው የደረት ቀን ግን ተመልሶ ይመጣል።

የምሰራው የሰፈር ጂም ነው። አግዳሚው እዚሁ የተበየደ ነው፣ ጠበብ ይላል። የለበሰው ፕላስቲክ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል። ብረቱ የሚቀመጥበት የስታንዱ ከፍታም አይስተካከልም። የጂሙ ልጆች ሁሉም ሊረዱኝ ነው የሚፈልጉት፣ ምክራቸው ግን አይገናኝም። አንዱ «ወገብህ አግዳሚውን መልቀቅ የለበትም» ይለኛል። ሌላው «ደረትህን ንፋ» ይላል። ክርንህን ክፈት የሚል አለ፣ ዝጋ የሚልም አለ። ከላይኛው ሰውነት አቀማመጥ ጀምሮ እስኪ አንድ ሰው በቅደም ተከተል ያስረዳኝ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሊፍተር፦

ወንድሜ፣ ስለ መግፋቱ ነው የምትጨነቀው፣ ችግሩ ግን ብረቱ ከስታንዱ ከመነሳቱ በፊት ያለ ይመስለኛል። ትከሻህ የሚደገፍበት ነገር ከሌለው የደረትህ ጉልበት የትም አያደርስህም። ጭቃ ላይ ቆሞ መኪና እንደመግፋት ነው። ስለዚህ ስለ ክርን ከማውራታችን በፊት አተኛኘትህን እንስራ።

ስትተኛ ዓይንህ ከብረቱ ስር ይሁን። በጣም ወደ ራስጌ ከተኛህ ስትገፋ ብረቱ ስታንዱን ይመታል። በጣም ወደ ግርጌ ከወረድክ ደግሞ ብረቱን ለማምጣት ክንድህን ወደ ኋላ መዘርጋት ይኖርብሃል፣ ትከሻህ ገና ሳይጀመር ይፈታል።

ቀጥሎ ከትከሻህ በስተኋላ ጀርባህ ላይ ያሉትን ሁለቱን ጠፍጣፋ አጥንቶች አስብ። ሁለት ነገር ነው የምታደርጋቸው፦ ወደ አከርካሪህ ታቀራርባቸዋለህ፣ ከዚያ ወደ ወገብህ ታወርዳቸዋለህ። አብዛኛው ሰው ማቀራረቡን ብቻ ይሰራና ትከሻው ጆሮው ስር ተሰብስቦ ይቀራል። እሱ ግማሽ ስራ ነው። በደንብ ስታወርዳቸው ከብብትህ ስር ያለው የጀርባ ጡንቻ ሲጠነክር ይሰማሃል። ካልተሰማህ አልወረዱም ማለት ነው፣ እንደገና ሞክር።

ተኝተህ እያለ ይህን ማድረግ ይከብዳል፣ ምክንያቱም የሰውነትህ ክብደት አጥንቶቹን ባሉበት ስለሚይዛቸው አይላወሱልህም። እኔ አዲስ ሰው ሳስለምድ እንዲህ ነው የማደርገው። ብረቱን ይይዛል። እግሩን መሬት ላይ ተክሎ መቀመጫውን ከአግዳሚው ያነሳል፣ ክብደቱ በሙሉ የላይኛው ጀርባው ላይ ያርፋል። እዚያው ላይ እንዳለ አጥንቶቹን ያቀራርባል፣ ያወርዳል፣ ትከሻውን ግራና ቀኝ ትንሽ እያወዛወዘ ቦታ ያስይዛል። ከዚያ ትከሻው ሳይነቃነቅ መቀመጫውን ቀስ ብሎ ይመልሳል። ሲመልስ ደረቱ ራሱ ከፍ ይላል። «ደረትህን ንፋ» ያለህ ልጅ ልክ ነው፣ ግን አየር በመሳብ ብቻ የሚመጣ አይደለም፣ ከጀርባ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከስታንዱ ማንሳት። እኔ እንደማምነው የአብዛኛው ሰው ቤንች የሚበላሸው እዚህ ነው። የስታንዱ መያዣ ከፍ ያለ ከሆነ ብረቱን ለማውጣት ክንድህን እስከ መጨረሻው መዘርጋት አለብህ፣ ስትዘረጋ ትከሻህ ከአግዳሚው ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ያ ሁሉ ያቀራረብከው አጥንት ተበትኖ ይቀራል። አንዴ 80 ኪሎ ከላይህ ካረፈ በኋላ ደግሞ መልሰህ ልታስተካክለው አትችልም። ከዚያ ወዲያ የምትሰራው በተፈታ ትከሻ ነው። ብረቱ ደረትህ ጋ ሲደርስ የክንድህ አጥንት ጫፍ ወደ ፊት ይገፋል፣ የሚወጋህም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

መሆን ያለበት፦ ብረቱ ገና ስታንዱ ላይ እያለ ክርንህ ትንሽ ብቻ የታጠፈ ይሁን። ስታነሳው ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ይበቃል። ከዚያ ወደ ላይ ሳትገፋ ወደ ትከሻህ አቅጣጫ በአግድም ጎትተው፣ በጀርባ ጡንቻህ። ከትከሻህ መገጣጠሚያ በላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ለአፍታ ያዘው። እስኪረጋ ድረስ አታውርድ።

እጅህን በተመለከተ ብረቱ የመዳፍህ የታችኛው ክፍል ላይ፣ ከክንድህ አጥንት ትክክል በላይ ይረፍ። ጣቶችህ ስር ካረፈ አንጓህ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ጉልበትህም እዚያ ያልቃል። አውራ ጣትህ ብረቱን ይዙር። አውራ ጣት ሳይዞር የሚገፉ ሰዎች አሉ፣ ብረቱ ተንሸራትቶ ደረት ወይ አንገት ላይ ከወደቀ መመለሻ የለውም።

ክርን ላይ ሁለቱም ልጆች ጽንፍ ነው የያዙት። ክንድህ ከጎንህ 90 ዲግሪ ከተከፈተ ትከሻ ላይ ይከብዳል። ጎንህ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ስራው በሙሉ ወደ ክንድህ የኋላ ጡንቻ (ትራይሴፕስ) እና ወደ ትከሻህ የፊት ጡንቻ ይሄዳል። ለብዙ ሰው ከ45 እስከ 70 ዲግሪ ባለው መሃል ይመቻል። ዲግሪ መለካት አይጠበቅብህም። ብረቱ ደረትህን ሲነካ የታችኛው ክንድህ ከፊትም ከጎንም ሲታይ ቀጥ ብሎ መቆሙን ብቻ እይ። ቀጥ ካለ ክርንህ ልክ ቦታው ላይ ነው።

የመጨረሻው የብረቱ መንገድ ነው። የሚያርፈው ከጡትህ ጫፍ ዝቅ ብሎ፣ የደረትህ አጥንት ታችኛው ክፍል ላይ ነው። መነሻው ግን ከትከሻህ በላይ ነው። ስለዚህ መንገዱ ሰያፍ ነው፣ ቀጥ ያለ አይደለም። በ1980ዎቹ ቶማስ ማክላፍሊን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የጀማሪዎችንና የታላላቅ ክብደት አንሺዎችን የብረት መንገድ በፊልም ቀርጾ አነጻጽሮ ነበር። ጀማሪዎቹ ከደረታቸው ቀጥ ብለው ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ወደ ኋላ የሚመልሱት ዘግይተው ነው። ታላላቆቹ ከመጀመሪያው ወደ ላይም ወደ ፊታቸውም አንድ ላይ ነው የሚገፉት። 80 ላይ ከደረትህ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚቆመው ብረት በዚህ ሊፈታ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ብረቱ ከትከሻህ መገጣጠሚያ በአግድም በራቀ ቁጥር ለትከሻህ ይከብደዋል፣ ቶሎ ወደ ትከሻህ ከመለስከው ያቀልልሃል።

ንጹህ_ፎርም፦

ስለ ትከሻው እስማማለሁ። ግን ደረት ከፍ ሲል ወገብ ከአግዳሚው መነሳቱ አልተዋጠልኝም። ወገብን አጥፎ ደረትን ማንሳት የብረቱን መንገድ ማሳጠር ነው እንጂ ጉልበት አይደለም። ለወገብም ጥሩ አይመስለኝም። እኔ እግሬን አግዳሚው ላይ ሰቅዬ ጀርባዬን ለጥ አድርጌ ነው የምሰራው፣ ደረቴም በደንብ ይሰማኛል።

ቤንች_ወዳጇ፦

ወንድሜ ንጹህ ፎርም፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሃል ልበል።

አንደኛው ወገብን በአቅም እስከ መጨረሻው ማጠፍ ነው፣ ብረቱ የሚጓዘው መንገድ በጣም እስኪያጥር ድረስ። እሱ ለውድድር የሚሰራ ነገር ነው፣ ውድድርም ላይ ገደብ ተበጅቶለታል። ዓለም አቀፉ የፓወርሊፍቲንግ (በስኳት፣ በቤንችና በዴድሊፍት የሚደረገው የክብደት ውድድር) ፌዴሬሽን ከ2023 እንደ ፈረንጆቹ ጀምሮ ብረቱ ደረት ላይ ሲደርስ የክርን ታችኛው ክፍል ከትከሻ መገጣጠሚያ የላይኛው ክፍል ጋር እኩል ወይም ከእሱ በታች መሆን አለበት ብሎ ደንግጓል። ስለዚህ አንተን ያሳሰበህ ነገር እነሱንም አሳስቧቸዋል።

ሁለተኛው ግን መጠነኛ ቅስት ነው፣ እሱን የሚፈጥረው የደረትህ አከርካሪ ሲቀና ነው። ትከሻህን ከኋላ አቀራርበህ ካወረድከው ራሱ ይመጣል፣ ወገብህን በግድ ማጠፍ አያስፈልግህም። ለጥ ብለህ ከተኛህ ደረትህ ይጎደጉዳል፣ ደረት ሲጎደጉድ ትከሻ ወደ ፊት ይመጣል። ጠያቂያችንን የሚወጋው ከፊት በኩል ነው። እሱን ለጥ በል ማለት ችግሩን ማባባስ ነው የሚሆነው።

የውድድር ደንቡም ራስ፣ ትከሻና መቀመጫ አግዳሚውን ይንኩ፣ እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ ይረፍ ነው የሚለው። ወገብ ይንካ አይልም። ማንም ሰው ሲተኛ ወገቡ ስር ክፍተት አለው። መቀመጫህ እስካልተነሳ ድረስ ችግር የለውም።

እግርህን ሰቅለህ መስራትህ ለአንተ ደረትህ እንዲሰማህ ብቻ ከሆነ ቀለል ባለ ክብደት ይሁንልህ። በከባዱ ግን ሚዛንህን ታጣለህ። እግር ቤንች ላይ ትልቅ ስራ አለው። ተረከዝህን ተክለህ መሬቱን ወደ ፊት፣ ወደ ጣቶችህ አቅጣጫ ትገፋለህ፣ ሰውነትህ ወደ ራስጌ ይገፋል፣ ትከሻህ አግዳሚው ውስጥ ይቀበራል። ወደ ላይ ከገፋህ መቀመጫህ ይነሳል። ወደ ራስጌ ነው የምትገፋው።

አየሩንም አትርሱት። ከማውረድህ በፊት ብረቱ ገና ከላይ እያለ ሆድህም ደረትህም እስኪሞላ ሳብና ያዝ። ስታወርድ አታስወጣው፣ ከባዱን ቦታ ካለፍክ በኋላ ነው የምትተነፍሰው። አየር ሲወጣ ደረት ይወርዳል፣ ደረት ሲወርድ ትከሻ ይፈታል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ትንፋሽ ይዞ ከባድ ከመግፋቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ፊዚዮ_ተማሪ፦

ስለ ሕመሙ ትንሽ ልጨምር። በጽሑፍ ማንንም መመርመር አይቻልም፣ ስለዚህ ምን ሆነህ እንደሆነ አልነግርህም። ግን መለየት ያለብህ ነገር አለ።

ሌሊት ትከሻህ ላይ ተኝተህ ከቀሰቀሰህ፣ ክንድህን ከጭንቅላትህ በላይ ማንሳት ካቃተህ፣ ወይም ከጉልበት ማጣት ጋር ከመጣ ቤንቹን ተወውና ሐኪም ጋ ሂድ። ብረት እያወረድክ ደረትህ ወይ ብብትህ አካባቢ «ጧ» የሚል ነገር ከተሰማህና ቦታው ከበለዘ ደግሞ ቀን አትስጠው። የደረት ጡንቻ መበጠስ በብዛት የሚደርሰው ቤንች ላይ ነው፣ እሱም ብረቱ ታች ሲሆን። ቶሎ የታየ ሰው የተሻለ ዕድል አለው።

ሰርተህ ስትጨርስ የሚተውህ ዓይነት ከሆነ ግን ክብደቱን ቀንሰህ አቀማመጥህን ማስተካከል ጥሩ ጅማሬ ነው። በማይወጋህ ክብደት ስራ። እየወጋህ «ይለምደዋል» ብለህ አትቀጥል።

ሌላ ነገር፣ ቤንች ላይ እነዚያን ጠፍጣፋ አጥንቶች አስረን ነው የምንይዛቸው፣ በተፈጥሯቸው ግን የጎድን አጥንት ላይ የሚንሸራተቱ ናቸው። ሁልጊዜ ማሰር ብቻ ካለማመድካቸው ጥሩ አይደለም። ስለዚህ ፑሽ አፕ ስትሰራ ነጻ ልቀቃቸው፣ ላይ ስትደርስ መሬቱን ገፍተህ ወደ ፊት እንዲሄዱ ተዋቸው። ፑሽ አፕን ልክ እንደ ቤንች የሚያስተምሩ አሰልጣኞች አሉ፣ እኔ አልስማማም። ከዚህ ጋር የጀርባ ስራ ጨምር። ቢያንስ የምትገፋውን ያህል ጎትት፣ ሮው (ክብደት ወደ ሆድ መጎተት) በለው ፑል አፕ (ተንጠልጥሎ ራስን መሳብ) በለው። የላይኛው ጀርባ ጡንቻ ደካማ ከሆነ ትከሻህን ለመጀመሪያው ሬፕ (አንድ ጊዜ ማውረድና መግፋት) ብቻ ነው የሚይዝልህ፣ ሦስተኛው ላይ ይለቅሃል።

የሰፈር_ጂም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሌሊት አያመኝም፣ ክንዴም በደንብ ይነሳል። የስታንዱን ነገር ስታነሱት ግን አሁን ገባኝ። የእኛ ስታንድ ከፍ ያለ ነው፣ ብረቱን ለማውጣት ክንዴ ጥግ ድረስ ነው የሚዘረጋው። አይስተካከልም፣ የተበየደ ነው። የማንሸራተቱንስ ምን ላድርገው? ትከሻዬን ብይዝ እንኳ እግሬን ስገፋ ወደ ራስጌ ይንሸራተታል።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሊፍተር፦

የማይስተካከል ስታንድ ከሆነ ራስህን ከፍ አድርግ። አግዳሚው ከስታንዱ ጋር ያልተያያዘ ከሆነ አራቱም እግሮቹ ስር ጠንካራና እኩል ጣውላ ይግባ። እንዳይወላገድ ግን እርግጠኛ ሁን፣ ከተወላገደ ይቅር። ጣውላው ከገባ እግርህም መሬት ለመድረስ ሊያጥር ስለሚችል እግርህ ስርም አንድ ነገር አድርግ።

ተያይዞ የተበየደ ከሆነ ያለው መፍትሔ ሰው ነው። ከራስጌህ የሚቆም ልጅ ብረቱን አንስቶ እስከ ትከሻህ በላይ ያምጣልህ። አንተ ወደ ላይ አትግፋ። ትከሻህን አስረህ ክንድህን ቀጥ አድርገህ ብቻ ጠብቅ፣ እሱ ሲያቀብልህ ተቀበል። ከማንሳቱ በፊት ተነጋገሩ፣ «ሦስት ስል አንሳ፣ እሺ ስል ልቀቅ» ተባባሉ። ሳትዘጋጅ የሚለቅ አጋዥ ከሚኖርህ ጭራሽ ባይኖርህ ይሻላል። ከዚያ ወዲያ ብረቱን አይንካብህ፣ ብረቱ ሲቆምብህ ብቻ ይግባ። በየሬፑ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ «ያንተ ነው፣ ያንተ ነው» የሚል ሰው ስንት ኪሎ እንደገፋህ እንዳታውቅ ነው የሚያደርግህ።

ለማንሸራተቱ ልብስህን እይ። ስስና ለስላሳ የስፖርት ማሊያ ፕላስቲክ ላይ ይንሸራተታል። ወፈር ያለ የጥጥ ቲሸርት ልበስ። ከመተኛትህ በፊት ላቡን በጨርቅ አድርቀው። ካልሆነ ትከሻህ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የዮጋ ምንጣፍ ቁራጭ ወይም የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚነጠፈውን የማያንሸራትት ላስቲክ አንጥፍበት። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለውጡ ግን በመጀመሪያው ዙር ነው የሚሰማህ።

ቤንች_ወዳጇ፦

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ የእጅ ስፋት። ደረጃውን የጠበቀ የፓወርሊፍቲንግ ብረት ላይ ቀጭን ቀለበት የመሰለ ምልክት አለ፣ በሁለቱ መሃል 81 ሳንቲሜትር ነው፣ በውድድር ሌባ ጣት ከዚያ አይወጣም። እዚህ የሚሰሩ ብረቶች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ የለም፣ ካለም ግራና ቀኙ እኩል ላይሆን ይችላል። ቀኝህን ብቻ የሚወጋህ ከዚህም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ እጅ ወጣ ብሎ ይዞ። በሜትር ከመሃል ጀምረህ ለካና ግራና ቀኝ ፕላስተር ለጥፍ። 81 ከፍተኛው ገደብ ነው እንጂ የአንተ ልክ አይደለም፣ ያንተን የታችኛው ክንድህ ቀጥ ማለቱ ይነግርሃል። ብረቱንም ሚዛን ላይ አውጣው። መደበኛው 20 ኪሎ ነው፣ የተበየደው ግን ከዚያ ሊቀንስም ሊበልጥም ይችላል። ምናልባት 80 ያልከው 80 ላይሆን ይችላል።

ክብደቱን ወደ 55 ወይ 60 አውርደውና ደረትህ ላይ ለአንድ ሁለት ሰከንድ እያቆምክ ስራ። ማቆም ትከሻህ መያዙንና አለመያዙን ያጋልጣል። ብረቱ ደረትህ ላይ ሲቆም ትከሻህ ወደ ፊት ከሾለከ ሬፑን አትቁጠረው። በየዙሩ መሃል ተነስና አተኛኘቱን ከዜሮ ጀምር፣ ማሟሟቂያው በባዶ ብረት ቢሆንም እንደ ከባዱ ነው የምትተኛው።

የሰፈር_ጂም፦

እሺ። ሐሙስ ደረት ነው። ሜትርና ፕላስተር ይዤ እሄዳለሁ፣ ከራስጌ የሚያነሳልኝ ልጅም አለ። ከየት በኩል ልቅረጸው?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ሊፍተር፦

አንዱን ከጎን፣ ስልኩ በአግዳሚው ከፍታ ሆኖ፣ ከእግርህ እስከ ስታንዱ እንዲታይ። አንዱን ከግርጌ፣ ሁለቱ ክንዶችህ እኩል መሆናቸው እንዲታይ። ቀረጻውን ከመተኛትህ በፊት ጀምረው፣ ብረቱ ከስታንዱ የሚወጣበትን ቦታ እንዳትቆርጠው፣ እኔ እሱን ነው ማየት የምፈልገው። በ60 ኪሎ ይሁን።

ፊዚዮ_ተማሪ፦

በ60ም ከወጋህ ወደ 40 ውረድ። በ40ም ከወጋህ ቀረጻው ይቅርና ሐኪም ጋ ታይ።

የሰፈር_ጂም፦

እሺ፣ በ40 እጀምራለሁ።